ግሱ እስኪደርስ

ስለ ፊደላችን ብዙ ተጽፏል። ስለ አመጣጡ፣ ስለ ሞክሼዎቹ መብዛት፣ ይሻሻል ወይስ አይሻሻል ስለሚለው የቆየ ክርክር፣ በኋላም ኮምፒዩተር ውስጥ ስለገባበት አስቸጋሪ መንገድ የተጻፈው ቢሰበሰብ አንድ መደርደሪያ ይሞላል። ከገባ በኋላ ምን እንዲሠራ እንደታዘዘ የጻፈ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የታዘዘው እንዲሮጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ እንዲሮጥ፣ እንዲበራና እንዲጠፋ፣ አንድ በአንድ ከላይ እንዲንጠባጠብ፣ የማውሱን ቀስት እንደ ጭራ እየተከተለ እንዲወዛወዝ ታዘዘ። በ2000ዎቹ ዓመታት በስደት የተሠሩትን የአማርኛ ድረ ገጾች ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። ልመረምረው የፈለግሁትም ይህንኑ ትእዛዝ ነው። የገጾቹን ፖለቲካ የሚመረምር ሰው አልጠፋምና እሱን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይከፋም። ጽሑፍን የሚያበራና የሚያጠፋው ትእዛዝ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከኔትስኬፕ ኩባንያ መሐንዲሶች የወጣ ነው። ከመካከላቸው አንዱ የሆነው ሉ ሞንቱሊ ራሱ እንዳወጋው፣ ሐሳቡ የተወለደው መጠጥ ቤት ውስጥ በተደረገ ጨዋታ ሲሆን፣ በቀልድ የተነሣውን ጉዳይ አንድ ባልደረባው ሌሊቱን ሲሠራው አደረ። የሚሮጠውን ጽሑፍ ደግሞ ማይክሮሶፍት በ1995 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ሁለተኛ እትም ጋር አመጣው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር የኔትስኬፑ ብሬንደን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅርጽ በአሥር ቀን ሠርቶ ጨረሰ፤ ቋንቋውም በ1996 ከኔትስኬፕ ሁለተኛ እትም ጋር ለሕዝብ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ ማንቀሳቀስ የፈለገ ሰው ብራውዘሩ በፈቀደለት ሁለት ጨዋታ ብቻ መወሰን አላስፈለገውም፤ የራሱን ጨዋታ መጻፍ ቻለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስክሪፕቱ ዓረፍተ ነገሩን እንደ ዶቃ ክር ይይዘዋል፤ ፊደላቱን ይቆጥራል፤ ሰዓት ቆጣሪ ያስነሣል፤ ከዚያ በየአሥረኛው የሰኮንድ ክፍል አንድ ዶቃ እየጨመረ፣ ወይም የፊቱን ዶቃ ወደ ኋላ እያዞረ ያሳያል። የገጾችን ምንጭ ኮድ ገልጦ ማየት ለማንም የተፈቀደ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ገልጬ አይቻለሁ። አብዛኛው ከነጻ የስክሪፕት ክምችቶች የተቀዳ ነበር። «ጽሑፍህን እዚህ አስገባ» የሚለው የእንግሊዝኛ ማስታወሻ እንኳ ሳይነሣ ከአማርኛው ዜና አጠገብ ተቀምጦ ይገኝ ነበር።

ለፊደላችን ይህ ሩጫ ከመጀመሪያው የአንካሳ ሩጫ ሆነበት። ዩኒኮድ ሳይስፋፋ አንድ የፊደል ቅርጽ ፋይል ከ256 ያልበለጡ መቀመጫዎች ነበሩት፤ ከእነዚህም የተወሰኑት ለሌላ ሥራ የተያዙ ናቸው። የእኛ ገበታ 33 ቤት በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከመቀመጫው ይተርፋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ ወይ ገበታውን ለሁለትና ለሦስት ፋይል ያካፍሉታል፣ ወይ ፊደሉን አካልና ቅጥያ አድርገው ቆርጠው ያስቀምጡታል። ያው ፋይል በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ ከሌለ የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅራቅንቦ ነው። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ላይ አንድ በአንድ የሚጥል ስክሪፕት ሲለቀቅበት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። መጀመሪያ የ«በ» አካል ብቻዋን ትቆማለች፤ ቆየት ብሎ ቀለበቷ እግሯ ሥር ይገጠምና «ቤ» ትሆናለች፤ ከዚያ «ት» ትመጣለች። ሁለት ፊደል ያለው «ቤት» በሦስት ምት ይሠራል። ከዚህ ለመሸሽ ብዙዎቹ ርዕሱን በሥዕል መልክ ያስቀምጡት ነበር። በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያነብ ሰው የሚንቀሳቀሰው «ሰበር ዜና» ተሰብሮ እስኪያልቅ ቡናውን አፍልቶ ይመለሳል።

ከመስኮቱ ግርጌ ይሮጥ የነበረው መልእክት ደግሞ የሚጻፈው ገጹ በሚታይበት ፊደል አልነበረም፤ ዊንዶውስ ለራሱ በሚጠቀምበት ፊደል ነበር። ዊንዶውስ ደግሞ የግዕዝ ፊደልን ይዞ የመጣው ኒያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከቪስታ ጋር በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ነው። ከዚያ በፊት በዚያ መስመር ላይ አማርኛ ቢጻፍ የሚሮጡት ባዶ ሳጥኖች ነበሩ። ገጹ ሁሉ በአማርኛ ተጽፎ ሳለ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለው ብቻ በላቲን ፊደል ሲንሸራተት እናየው የነበረው ለዚህ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በገዛ ቤታችን ደጃፍ ላይ በባዕድ ፊደል እየተቀበሉን ስንገባ ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም።

ዩኒኮድ በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ፊደላችንን ሲቀበል እያንዳንዱ ፊደል ከነድምፁ የራሱ አንድ ቁጥር ተሰጠው። ይህ ለስክሪፕት ጸሐፊ እጅግ የተመቸ ነገር ነው። የዓረብኛ ፊደላት ጎረቤታቸውን እያዩ ቅርጽ ስለሚለውጡ አንድ በአንድ ሲጣሉ ቃሉ ሲቁነጠነጥ ይታያል። ሂንዲ የሚጻፍበት ደቫናጋሪ አናባቢውን በተለየ ምልክት ስለሚያስከትል ያልተጠነቀቀ ስክሪፕት ምልክቱን ከባለቤቱ ነጥሎ ያንጠለጥለዋል። የእኛ «ቤ» ግን አንድ ሆናለች፤ ወይ ትመጣለች፣ ወይ አትመጣም። በ2021 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት ብቻ ከቀድሞው ሠፈር ርቀው ስለተመደቡ ጃቫስክሪፕት እያንዳንዳቸውን እንደ ሁለት ይቆጥራቸዋል፤ አሮጌ ስክሪፕት ሲያገኛቸውም መሐል ለመሐል ይሰነጥቃቸዋል። የጉራጌ ወንድሞቻችን በዚህም ተራቸው የኋላ ሆነ።

እንግዲህ ፊደሉ ተገርቷል ማለት ነው። ያልተገራውና የማይገራው ዓረፍተ ነገሩ ነው።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛ የዜና ርዕስ ባለቤቱን ጠርቶ ወዲያው ያደረገውን ይናገራል፤ የት፣ መቼና ለምን የሚለው ተከትሎ ይመጣል። በሚሮጥ መስመር ላይ መጀመሪያውን ያየ ሰው ዋናውን አይቷል፤ ጅራቱ ቢያመልጠው ብዙ አይጎዳም። የሚሮጠው ጽሑፍ የተፈለሰፈው ይህን በመሰለ ቋንቋ፣ ለዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው። በአማርኛ ግን ሆነ ወይስ አልሆነም፣ ተደረገ ወይስ ተደረገ ተባለ፣ ማን ተናገረ የሚለው ሁሉ የሚለየው መጨረሻ ላይ ነው። የአማርኛ አድማጭ ትዕግሥት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ተናጋሪው አሥር ሐረግ ቢደረድር እስኪቋጭ ድረስ ፊቱን አይለውጥም። አንባቢም እንደዚሁ ነው፤ ግሱ ላይ ደርሶ ወደ ባለቤቱ በዓይኑ ይመለሳል፣ ያገናኛቸዋል፣ ከዚያ ነው ገባኝ የሚለው። ይህ መመለስ ለአማርኛ አንባቢ የንባቡ ግማሽ ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ደግሞ ሰሙን አልፎ ወርቁን ለማግኘት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።

ለምሳሌ ያህል አንድ የዜና ርዕስ እኔ ራሴ ልሥራ፦ «ባለፈው ሳምንት ከቃሊቲ ወህኒ ቤት ወደ ሆስፒታል የተወሰዱት እስረኛ ሞቱ ተብሎ የተወራው ሐሰት መሆኑን ቤተሰቦቻቸው ገለጹ።» አሥራ ስድስት ቃል ነው፤ ለጋዜጣ ርዕስ ቢረዝምም በዚያ ዘመን ይሮጡ ከነበሩት አንጻር አጭር ሊባል ይችላል። የሚሮጥበት መስኮት በአንድ ጊዜ አምስት ቃል ብቻ ያሳያል እንበል። በመሐል ላይ በመስኮቱ ውስጥ የሚታየው «ወደ ሆስፒታል የተወሰዱት እስረኛ ሞቱ» የሚል ነው። ይህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤት አለው፣ ግስ አለው፣ ቋንቋው አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው እውነቱ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት ስልክ የጠራበት ወይም ደንግጦ ዓይኑን የከደነ ሰው የሚነሣው መርዶ ይዞ ነው። ታግሦ የጠበቀው ደግሞ በመጨረሻ «የተወራው ሐሰት መሆኑን ቤተሰቦቻቸው ገለጹ» የሚል ያገኛል፤ የማን ቤተሰቦች? ስለ ማን ተወራ? ባለቤቱ በግራ በኩል ከወጣ ቆይቷል።

በ1998 ዓ.ም. ላንግሊ ፓርክ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ከኒው ሃምፕሻየር አቬኑ ጋር ከሚገናኝበት መስቀለኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ከቀይ ጡብ አፓርታማዎች በአንዱ እኖር ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት የአገር ቤት ዜና ለማንበብ ማታ ማታ ወደ እኔ ይመጣሉ። ንባብ የቆጠሩት የኔታ ዘንድ ነውና ሲያነቡ ጣታቸው መስመሩ ላይ ነው፤ ልማዱ በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይም አልተዋቸውም። የሚሮጠው ርዕስ ሲመጣ ጣታቸው አብሮት ወደ ግራ ይሄዳል፤ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

«አቁምልኝ እንጂ ልጄ» ይሉኛል።

«አይቆምም ጋሼ፤ ዞሮ እስኪመጣ ይጠብቁት።»

«ሰውየው ምን ሆነ አለ? ስሙን አይቼዋለሁ፤ የሆነውን ነው ያላየሁት።»

ከዚህ የተሻለ ሂስ በዚህ ጉዳይ ላይ አላነበብኩም። ያ መስቀለኛ በራሱ በሚሮጡ ጽሑፎች የተከበበ ነበር። ሰፈሩ በአብዛኛው ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጡ ሰዎች የሚኖሩበት ነውና በሱቆቹ መስኮት ላይ ቀያይ መብራቶች በስፓኒሽ ይሮጣሉ፤ የስልክ ካርድ ዋጋ፣ የሐዋላ ክፍያ፣ የዶሮ ዋጋ። እነዚያን ሲያዩ አዛውንቱ አንድም ቀን አላማረሩም፤ ስፓኒሽ ባይችሉም የሚፈልጉትን ያገኙ ነበር። የሚሮጠው ዋጋ ነበር፤ ዋጋ ደግሞ ግስ አይፈልግም።

ያ ዓመት ግን የዋጋ ዓመት አልነበረም። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ፣ በሰኔ 1 ቀንና እንደገና ከጥቅምት 22 ቀን 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደም ፈሰሰ፤ ነገሩን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን 193 ሰልፈኞችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን መቁጠሩ በ2006 ተሰማ። በዚያን ሰሞን በአንድ ገጽ ላይ የሟቾች ስም ከታች ወደ ላይ እየተንሸራተተ ሲያልፍ አይቻለሁ። ያዘጋጀው ሰው ስሞቹን እንዳከበረ አልጠራጠርም፤ የፊልም መጨረሻ ላይ የሠሪዎቹ ስም ሲወጣ አይቶ ሊሆን ይችላል። በእኛ ዘንድ ግን የሟች ስም ሲጠራ ሰው ቆም ይላል፤ የማን ልጅ፣ የየት ሰፈር፣ ስንት ዓመቱ ይባላል። ሐዘንተኛ ያለበትን ስም ሲያገኝ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ገጹ ግን አያስቀምጥም፤ ስሙን ለሦስት ሰኮንድ አሳይቶ ለሚቀጥለው ይለቅቀዋል።

ሌላም ጉዳት ነበረው፤ ይህኛው ከስሜት ጋር አይያያዝም። የሚሮጥ ጽሑፍ አይታተምም። ገጹን በወረቀት ያወጣ ሰው የሚያገኘው በዚያች ቅጽበት መስኮቱ ውስጥ የነበሩትን ጥቂት ቃላት ብቻ ነው። ከግንቦት 2006 ጀምሮ በርካታ የውጭ አገር ገጾች አገር ቤት እንዳይታዩ ተዘጉ፤ በ2018 እስኪከፈቱ ድረስ ጽሑፎቹ የሚደርሱት ሰው ቀድቶ በኢሜይል ሲልካቸው ወይም አትሞ ሲያሻግራቸው ነበር። ቆሞ የተጻፈው ሁሉ በዚህ መንገድ ተሻገረ፤ የሮጠው ርዕስ ቀረ። ዛሬም በኢንተርኔት መዛግብት ውስጥ የእነዚያን ገጾች ቅሪት የሚፈልግ ተመራማሪ ርዕሱ ከሌላ ፋይል ይጠራ በነበረበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ባዶ ነጭ መስመር ነው። በጣም አስቸኳይ የተባለው ዜና፣ አስቸኳይ በመሆኑ ምክንያት፣ ከሁሉ ቀድሞ ጠፋ።

ለሠሪዎቹም ልከራከርላቸው ይገባል። አብዛኞቹ ቀን ታክሲ የሚነዱ ወይም ጋራዥ የሚጠብቁ፣ ሌሊት ገጽ የሚያድሱ ሰዎች ነበሩ። ፎቶግራፍ የሚገዙበት ገንዘብ የላቸውም፤ ዘጋቢ የላቸውም፤ ያላቸው ቃል ብቻ ነው። ቃሉ ሲንቀሳቀስ ገጹ ሕይወት ያለው፣ ባለቤቱም ነቅቶ የሚጠብቅ ይመስላል። ሌላው ምክንያት ድምፅ ነው ብዬ አምናለሁ። አማርኛ የሚጮኽ ትልቅ ፊደል የለውም፤ እንግሊዝኛ ርዕሱን በሙሉ በአቢይ ፊደል ጽፎ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ «ሀ» ምንጊዜም ያው «ሀ» ናት። ማዘንበልም ለፊደላችን ባህሉ አይደለም፤ ሲያዘነብል የሚወድቅ ይመስላል። መጮኽ የፈለገ ሰው የቀረው ማቅለምና ማንቀሳቀስ ነበር። ስለዚህ ትዝብቴ ለምን ጮኹ የሚል ሳይሆን ለጩኸቱ የመረጡት መሣሪያ ለቋንቋው አለመገጠሙን የሚመለከት ነው።

ለመሆኑ አባቶች ድምፅን ከፍ ማድረግ ሲፈልጉ ምን ያደርጉ ነበር? በብራናው ላይ ቀይ ቀለም ነበራቸው። የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳኑን ስም፣ የምዕራፉን መነሻ በቀይ ይጽፋሉ። ቀዩ ዓይንን ይጠራል፤ ጠርቶም ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። የዜማውን መጽሐፍ ከተመለከትን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት በሚባለው ሥርዓት ከፊደሉ በላይ ጥቃቅን ምልክቶች ይቀመጣሉ፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ፣ ሂደት። እያንዳንዱ ምልክት እንቅስቃሴን ያዝዛል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን የመሪጌታው ጉሮሮና መቋሚያው ነው። ፊደሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከዘመናችን ሰው የሚጠቀስ ቢኖር ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ነው። ከዚሁ ከዋሽንግተን፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1980 በማስተርስ የተመረቀው ይህ ሰው ሥራውን በሙሉ የመሠረተው በአማርኛ ፊደል ላይ ነው። ሸራው ላይ ፊደላቱ ይዘረጋሉ፣ ይተጣጠፋሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይንጠላጠላል፤ ሲጨፍሩ የሚያያቸው ሰው በሸራው ላይ አንድም የተንቀሳቀሰ ነገር እንደሌለ ይረሳዋል። የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይን ነውና የፈለገበት ላይ ማረፍ ይችላል።

ከስክሪፕቶቹ ሁሉ ብዙ የተወደደውና እስከ ዛሬም ያለው የጽሕፈት መኪና አስመሳዩ ነው። ፊደላቱ አንድ በአንድ እየመጡ ቃል ይሠራሉ፤ ጫፉ ላይ ጠቋሚ መስመር ትርገበገባለች። ይህን ከሌሎቹ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ጽፎ ሲጨርስ ይቆማልና ግሱም ባለቤቱም አብረው ይቀራሉ። ነገር ግን እንደ አስመሳይነቱ ውሸታም ነው፤ አማርኛ እንደዚያ ተጽፎ አያውቅም። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ከ200 በላይ ፊደል ተሸክሞ ሊመታ ስለማይችል ፊደሉን ከአካልና ከቅጥያ ያጋጥመው ነበር። የዛሬው የኮምፒዩተር ጸሐፊም ቢሆን «ሰላም» ሊጽፍ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያየው «ስ»ን ነው፤ አናባቢውን ሲነካ «ሰ» ትሆናለች፤ ቀጥሎ «ል» መጥታ ወደ «ላ» ትለወጣለች፤ «ም» ብቻ እንደመጣች ትቀራለች። ፊደሉ መጀመሪያ ሳድስ ሆኖ ይመጣል፣ ከዚያ ድምፁን ይለብሳል። እንግሊዝኛ ፊደል ከፊደል ይደረድራል፤ አማርኛ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ ሐሳቡን አንድ ጊዜ ይለውጣል። የአማርኛን አጻጻፍ አስመስላለሁ የሚል ስክሪፕት ይህችን መመለስ ሊያሳይ ይገባው ነበር፤ እኔ ያየኋቸው ግን የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል በአማርኛ ቆዳ ሸፍነው ያቀረቡ ናቸው። ሌላውም ቃል በቃል የሚያወጣ ስክሪፕት ቃላትን የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ በሁለት ነጥብ የተጻፈ የቆየ ጽሑፍ ሲሰጡት ገጹን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ይወረውረዋል።

ፈረንጆቹ ራሳቸው ነገሩን ቀድመው ጠልተውታል። ያኮብ ኒልሰን በ1996 የድረ ገጽ ሥራ ዐሥር ዋና ስሕተቶች ብሎ ከዘረዘራቸው ውስጥ የሚሮጥ ጽሑፍና የማያቋርጥ እንቅስቃሴ ይገኙበታል። በታኅሣሥ 2008 የወጣው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ደግሞ በራሱ ተነሥቶ ከሌላ ጽሑፍ ጎን ከ5 ሰኮንድ በላይ የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ አንባቢው የሚያቆምበት መንገድ ሊኖረው ይገባል ይላል። የጎረቤቴ «አቁምልኝ» ሕግ የሆነው ያን ጊዜ ነው። የሚበራውና የሚጠፋው ትእዛዝ በ2013 ከፋየርፎክስ ተወገደ፤ የሚሮጠው ትእዛዝ ጊዜ ያለፈበት ተብሎ ተመዝግቦም ብራውዘሮች ዛሬ ድረስ ይታዘዙታል። የእነርሱ ቅሬታ ግን ስለ ዓይን ድካምና ስለ ትኩረት ነው፤ ስለ ግስ አያወራም። ስለዚህ ትእዛዙ ቢለወጥም የእኛ ችግር አብሮ አልተለወጠም። ዛሬ በስልክ በሚታዩ አጫጭር ቪዲዮዎች ላይ አማርኛው ቃል በቃል እየበራ ይጠፋል፤ አንዱ ቃል ሲመጣ ያለፈው የለም። መስኮቱ ከአምስት ቃል ወደ አንድ ቃል ጠብቧል ማለት ነው።

ፊደላችን ፈጽሞ አይንቀሳቀስ የሚል አቋም ግን የለኝም። ከውስጡ የሆነ አንድ እንቅስቃሴ አለው፤ ማንም የስክሪፕት ክምችት ውስጥ አላገኘሁትም። ዩኒኮድ ገበታውን ሲያስቀምጥ እያንዳንዱን ቤት በስምንት ተከታታይ መቀመጫዎች ላይ አሰፈረው፤ ሰባቱ ለሰባቱ ድምፆች፣ ስምንተኛው ለዲቃላው። «ለ» በተቀመጠበት ቁጥር ላይ አንድ ሲደመር «ሉ»፣ ሁለት ሲደመር «ሊ»፣ እንዲህ እያለ እስከ «ሎ»፣ በስምንተኛው ላይ «ሏ»። ስለዚህ አምስት መስመር የማትሞላ ስክሪፕት አንዲት ፊደል ባለችበት ቆማ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ድምፅዋን እንድትለውጥ ልታደርግ ትችላለች፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አትሄድም። የኔታ በስንደዶ እያመለከቱ ያስቆጥሩን የነበረው ይኸው ነው፤ ጣቱ ይሄዳል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ አካሉ ያው ነው። ላንግሊ ፓርክ ወይም አሌክሳንድሪያ ተወልዶ ፊደል በእሑድ ትምህርት ቤት ለሚቆጥር ልጅ እንዲህ ያለውን ገጽ የሚሠራ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል። ሠሪው ግን ገበታውን በቃሉ ሊያውቅ ግድ ይለዋል። «ሀ» ቤት ላይ ስምንተኛው መቀመጫ እስከ 2005 ድረስ ባዶ ነበር፤ ያኔ «ሇ» ገባችበት። «ቈ» ቤት ላይ ደግሞ ካዕብም ሳብዕም የለም፤ ከ«ቈ» ቀጥሎ ያለው መቀመጫ ዛሬም ባዶ ነው፣ «ቊ» የምትገኘው ከእሱ አልፎ ነው። ይህን ሳያውቅ አንድ እየደመረ የሚሄድ ስክሪፕት እዚያ ሲደርስ ለልጁ የሚያሳየው ባዶ ሳጥን ይሆናል።